የሄሊኮፕተር አብራሪዎቹ ያገኙት እሁድ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊም ምግብ አቅራቢም ሆኜ በምሠራበት ጊዜ፣ አራት የሄሊኮፕተር አብራሪዎች ብዙ ወራት እኛ ዘንድ አርፈው ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡ ናቸው። የመብራት ምሰሶ የሚተከልበትን መስመር የሚለኩ መሐንዲሶችን በየቀኑ ወደ ቡሬና ከዚያም ወዲያ ወደ አባይ በረሃ ያመላልሳሉ። ሄሊኮፕተሩ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ሲነሳ የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ያሰጣሁት አንሶላም አቧራ ይለብሳል። መልሼ አጥበዋለሁ።

ቢሆንም አላማርራቸውም ነበር። እሁድም ስለሚበርሩ፣ ቁርሳቸውን ማልደው በልተው ሲሄዱ ሆቴሉ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ የሆቴሉ ባለቤት ጋሼ፣ «በይ ሂጂ፤ ሳይመሽ ተመለሽ» ይሉኛል። እናቴ በቡሬ መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ከሚያስኬድ ገጠር ብቻዋን ትኖራለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ምንጩ ደግሞ ከገደል ሥር ነው። እሁድ እሁድ እየተመላለስኩ የሳምንቱን ውሃ እሞላላታለሁ። የእኔ ዕረፍት ይህ ነበር።

አንድ ሰሞን አብራሪዎቹ ቁርስ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መነጋገር ጀመሩ። ደመወዝ እንዲጨመርላቸው፣ የበረራ ሰዓታቸው እንዲወሰን፣ በሳምንት አንድ ቀን እንዲያርፉ የሚጠይቅ ወረቀት ጽፈው አራቱም ፈረሙ። ሥራ አስኪያጃቸው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መሐንዲሶቹ እንዳያዩት ብሎ ጸጉሩ የሸበተው አብራሪ ወረቀቱን እኔ ዘንድ አስቀመጠ።

«ለእሷ? ብታነበውስ?» አለው ወጣቱ አብራሪ።

«እሷ? አፏን ስትከፍት አይተህ ታውቃለህ?»

ዝምተኛ ሰው ማንበብ አይችልም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ጓዳ ገብቼ፣ ከጤፍ ዱቄቱ ማሰሮ ውስጥ ከመደበቄ በፊት አነበብኩት። አምስተኛው ጥያቄ «የመኝታ ክፍሎች ንጽህና እንዲሻሻል» ይላል። ላህ ወንዝ ወርጄ ያሸኋቸው አንሶላዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ። ሆኖም ደበቅሁላቸው። የደከመ ሰው ማረፍ አለበት ብዬ ነው።

ሥራ አስኪያጁ በመጣ ማግሥት፣ ወረቀቱን ከእኔ ሳይወስዱ፣ የጻፉትን በአፍ ነግረውት አራቱም «አንበርም» ብለው ቀሩ። ነገሩ ጋሼን ግራ አጋባቸው። እሳቸው በሚያውቁት ሥርዓት፣ ሰው ከአለቃው ከተኳረፈ አስታራቂ ይፈለግለታል እንጂ ወረቀት አይጻፍም። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ቄስ ይዘው መጡና ከሥራ አስኪያጁ ፊት ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አላቸው።

«የመጣንበት ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ቄሱ።

ሥራ አስኪያጁ የደጋ ዳሞት ገበሬ ልጅ ስለነበር ነገሩ ወዲያው ገባው። ሽማግሌ አቁሞ እምቢ ያለ ሰው፣ በዚያ አገር ወሬው ከልጅ ልጁ ይደርሳል።

ጸጉሩ የሸበተው አብራሪ «አባታችን፣ ዋናው ጥያቄያችን እንኳ ደመወዝ...» ብሎ ሲጀምር ቄሱ እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ የብሩን ሌላ ቀን ትነጋገሩታላችሁ። በዕርቅ መሐል ብር አይገባም። እናንተን ያጣላችሁ ሰንበትን መሻር ነው።»

ከሁሉም የበረቱት ጋሼ ነበሩ። «በሬ እንኳ በሰንበት ከቀንበር ይፈታል! ሰው እንዴት ከበሬ ያንሳል?» ሲሉ፣ እኔ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዤ በሩ ላይ እንደቆምኩ እንባዬ መጣ።

ሥራ አስኪያጁ እሁድን ለቀቀ። ተሳሳሙ፤ ተመረቁ። ከዚያ በኋላ ደመወዙን ያነሳ የለም፤ ወረቀቱንም ያስታወሰው የለም።

በሚቀጥለው እሁድ አራቱም እስከ ረፋድ ተኙ። ከዚያ ቁርስ ፈለጉ፤ ከዚያ ሻይ፤ ከዚያ የበግ ጥብስ፤ ከዚያ ደግሞ የገላ መታጠቢያ ሙቅ ውሃ። ፈራ ተባ እያልኩ ወደ ጋሼ ብቀርብ፣ «የት ልትሄጂ? ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ?» አሉኝ።

የቀጣዩም እሁድ እንዲሁ አለፈ። ቅዳሜ ገበያ የመጣች ጎረቤታችን፣ እናቴ ራሷ ወደ ምንጩ ስትወርድ ወድቃ ጉልበቷ መላጡን ነገረችኝ።

በማግሥቱ ጋሼ ከአብራሪዎቹ ጋር ተቀምጠው ሳለ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። መናገር እንደሚያቅተኝ አውቃለሁ፤ መቆም ግን አፍ አይፈልግም።

«ሻዩስ?» አለ ወጣቱ።

ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም።

«ምን ሆንሽ አንቺ? ተቀመጪ እስቲ» አሉ ጋሼ።

«አልቀመጥም፣ ጋሼ።»

«ይቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽማግሌ የሆነችው?» ብሎ ወጣቱ ሳቀ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ቀና ብለውም አላዩኝም፤ ብርጭቆአቸውን ጠረጴዛው ላይ አንድ ሁለቴ አዞሩት።

«እናትሽ ናቸው?»

በአንገቴ አዎ አልኩ።

«እንግዲህ ሰኞ ሰኞ፣ እነሱ በርረው ሲሄዱ ትሄጃለሽ። ለዛሬ ግን አሁኑኑ ሂጂ። ሻዩን እኔ አቀርባለሁ።»

ጸጉሩ የሸበተው አብራሪ ያዘነልኝ መሰለኝ። «እህቴ፣ በአፍ ቃል ብቻ አትተማመኚ። እንዲህ ያለ ነገር የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ነው» ብሎ መከረኝ።

ጓዳ ገብቼ ወረቀቱን ከማሰሮው አወጣሁ፤ ዱቄቱን አራግፌም ሰጠሁት። ከዚያ ጄሪካኔን አንስቼ በቡሬ መንገድ ሄድኩ።