ገና ያንኳኳል

ሙሉ ስማቸውን ከሰፈሩ ሰው የሚያውቅ የለም፤ ጋሽ ፒስተን ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ አንድ ነው። ግድግዳ የምትጋራቸው ልብስ ሰፊ፣ የምግብ ጠረጴዛቸውን ለአሮጌ የሞተር ብስክሌት ሞተር ለቅቀው፣ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደሚበሉ ታውቃለች። የፈቱትን ዕቃ ሁሉ በቤንዚን አጥበው ለባለቤታቸው ለእትዬ ፖስታ ያቀብላሉ፤ እሳቸው በጣታቸው ዳስሰው ካላጸደቁት አይገጠምም። እትዬ ፖስታ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዚያ ሞተር ደብዳቤ ሲያድሉ የኖሩ ናቸው፤ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ግን ከደጃፍ አልፈው አያውቁም። ጋሽ ፒስተን ሞተሩ የተስተካከለ ዕለት ከኋላ አስቀምጠው ሊያወጧቸው ቃል ገብተዋል።

ልብስ ሰፊዋ ለዚያ ቀን የታዘዘውን ቀሚስ ይዛ ስትገባ፣ ጋሽ ፒስተን ሞተሩን የብስክሌቱ አካል ላይ ገጥመው፣ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ነበር። አንድ ጊዜ ቢረግጡት ተነሣ። ድምፁ እንደ አዲስ የስፌት መኪና እኩልና ንጹሕ ሆኖ ቤቱን ሞላው። የእትዬ ፖስታ ጣቶች የወንበሩን ክንድ ጨመደዱ።

«ገና ነው፤ ቫልቩ ያንኳኳል» አሉ።

«ይሄ ጆሮሽ ነፍሴን ሳያወጣት አይቀርም» አሉ ጋሽ ፒስተን እየሳቁ፤ አጠፉትና መፍቻቸውን አነሡ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔስ ምንም አልሰማሁም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«አንቺ መርፌሽን ስሚ፣ ልጄ።»

የመጀመሪያው ብሎን ተፈትቶ በእትዬ ፖስታ መዳፍ ላይ ዐረፈ፤ የተጨመደዱት ጣቶቻቸውም ቀስ በቀስ እየላሉ ሄዱ። እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይታ የማታውቀው ልብስ ሰፊ ቀሚሱን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች።

አንባቢ ሆይ፣ ቫልቩ በእርግጥ ያንኳኳ ነበርን?