ወደ ግራ እምቢ ያለችው ፒካፕ

መስታወት ቆራጭ ነኝ። የመስኮት፣ የበር፣ የቁም ሳጥን፣ የፀጉር ቤት መስታወት እቆርጣለሁ፤ ቆርጬም በራሴ ፒካፕ አደርሳለሁ። ጣጣው ማድረሱ ላይ ነው። ፒካፔ አሮጌ ብትሆንም ሞተሯ ደህና ነው፤ ግን ፈጠን ብላ ስትሄድ ጉድጓድ ቢጤ ከነካች መሪዋ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። መጀመሪያ መሪው፣ ቀጥሎ ክንዴ፣ ከዚያ ጉንጬ፣ በመጨረሻ ከኋላ የጫንኩት መስታወት። የሰፈር ልጆች «ወባ» የሚል ስም አወጡላት። ስሟ ከኔ ስም በላይ ከመታወቁ የተነሣ ደንበኞቼ ስልካቸው ላይ «ባለወባው» ብለው ነው የመዘገቡኝ።

መስታወት የሚያመላልስ ሰው በምትንቀጠቀጥ መኪና መሄዱ፣ ዕንቁላል ተሸክሞ እየዘለሉ እንደመሄድ መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ግን መኪና አዋቂ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ይሄን እምነት ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አባቴ መኪና አልነበረውም፤ አያቴ ደግሞ መኪና ሲያይ አጥር ዘሎ የሚሸሽ ሰው ነበር አሉ።

የሚስቴ ታላቅ ወንድም ግን እውነተኛ መካኒክ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ አለው። አንድ ቀን ወባን ወስጄ አሳየሁት። ኮፈኗን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ፣ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገና ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፦

«መኪናዋስ ደህና ናት፤ የሚንቀጠቀጠው ያንተ እጅ እንዳይሆን!» አለ።

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ጥርሴ ይስቃል፣ ሆዴ ያርራል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጋራዡ በኩል ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ ማዞር ያዝኩ። ሚስቴ «ከወንድሜ ጋር ምን ሆናችሁ ነው?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ። በኔ ቋንቋ ምንም ማለት ብዙ ነገር ማለት ነው፤ እሷ ደግሞ ቋንቋዬን አሳምራ ታውቃለች።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ያስገባኝ መለዋወጫ ሱቅ ነው። «ለሚንቀጠቀጥ መሪ ምን አላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ከመደርደሪያው ላይ የብስክሌት መንፊያ የሚመስል፣ ክንድ የሚያህል ቀይ ነገር አወረደ።

«የመሪ ማረጋጊያ ነው» አለኝ። «አንዱ ጫፉ ከመኪናው አካል፣ ሌላው ከመሪው ዘንግ ጋር ይታሰራል። ጎማው ልወራጭ ሲል ቀስ አድርጎ ይይዘዋል።»

«ለኔ መኪና ይሆናል?»

«ለሁሉም ይሆናል።»

ለሁሉም የሚሆን ነገር ለማንም በልኩ እንዳልተሠራ የገባኝ ኋላ ነው።

«መካኒክ አለህ?» አለኝ።

«ራሴው ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ልብሴ ላይ የመስታወት ብናኝ እንጂ አንዲት የዘይት ጠብታ የለችም። «እንግዲያው ወረቀቱን በደንብ አንብበው» አለና ሸኘኝ። ወረቀቱ የተጻፈው በማላውቀው ቋንቋ ነበር። ሥዕል ግን አለው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ ይገጥማል። እኔ ከሥዕሉ የቀሰምኩት ፈገግታውን ብቻ ነው።

በእረፍት ቀኔ ወባን ግቢ ውስጥ በክሪክ አነሣኋት፤ በድንጋይ አስደግፌ፣ ካርቶን አንጥፌ ከሥሯ ገባሁ። ዓይናቸውን ለመታከም መጥተው እኛ ጋ የሰነበቱት አማቴ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ደህና ነህ?» ይሉኛል በየመሀሉ።

«ደህና ነኝ፣ እማዬ!»

«አይ፣ እግርህ ብቻ ስለሚታየኝ ነው።»

የስንት ክረምት ጭቃ አፌ ውስጥ ተራገፈ። አንዱ ቡሎን አልፈታ ሲለኝ ልሳደብ አፌን ከፈትኩ፤ አማቴ መኖራቸው ትዝ ሲለኝ ስድቡን ወደ ሳል ቀየርኩት። ቡሎኑ ብዙ አስቸገረኝ፤ ብዙ ሳልኩ። «ይሄን ሳልህንስ ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነበር» አሉ ከበረንዳው።

ሥዕሉ ላይ ማሰሪያው የሚውልበት ቦታ ላይ፣ በኔ መኪና ሌላ ብረት ተጋድሟል። ስለዚህ ማሰሪያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ በተመቸኝ ቦታ አጠበቅሁት። በተመቸኝ ስል ለክንዴ በተመቸው ማለቴ ነው፤ መኪናዋን ያማከራት የለም። ስጨርስ አንድ ዳዶና ጥቂት ቀለበቶች ተረፉኝ። «ፋብሪካው ለጋስ ነው» ብዬ ኪሴ ከተትኳቸው።

ሰፈሩን በቀኝ በቀኝ ዞሬ ሞከርኳት። አልተንቀጠቀጠችም! ጉድጓድ ፈልጌ ገባሁ፤ ጸጥ። እንደ ተኛ ውሃ ረጋች። ቤት ስመለስ ደረቴ ከኔ ቀድሞ ነው በሩን ያለፈው።

«መሪ ሲረጋ ተመሪ ይረጋል» አልኳት ሚስቴን።

«በግራም በቀኝም ሞከርካት?»

«ቀጥ ብላ የሄደች መኪና መታጠፍ ምን ያቅታታል!»

በማግሥቱ ጠዋት ለአንድ ፀጉር ቤት የቆረጥኩትን ቁመተ ረጅም መስታወት ከኋላ አሰርኩ፤ አማቴን ከፊት አስቀመጥኩና ወጣሁ። ዓይን ክሊኒኩ ያለው ከአደባባዩ በስተግራ ነው። አደባባዩ ላይ ደርሼ መሪውን ወደ ግራ ስጠመዝዘው ትንሽ ዞረና ግጥም አለ። ታገልኩት፤ ንቅንቅ አልል አለ። ወባ ማዞሪያውን ትታ በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ ይዛን ሄደች። ከኋላዬ የነበረው ታክሲ በጡሩምባው ረገመኝ።

«በዚህ በኩል ነው እንዴ?» አሉ አማቴ።

«አቋራጭ ነው፣ እማዬ።»

ጤነኛ ሰው እንዲህ ሲሆን ዳር ይዞ ይቆማል። እኔ ግን ሂሳብ ጀመርኩ፦ ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ቀኝ ከታጠፍኩ፣ አንዴ ወደ ግራ እንደታጠፍኩ ይቆጠራል። ሂሳቡ ልክ ነበር። መንገዱ ግን ለውሃ ቱቦ ተቆፍሮ ተዘግቷል። ስለዚህ አሁንም ወደ ቀኝ። እሱ ደግሞ የት የሚያወጣ ይመስላችኋል? በሚስቴ ወንድም ጋራዥ ደጃፍ!

መጀመሪያ ሳልፍ አንገቴን እንደ ሐውልት አድርቄ አለፍኩ። ሌላ መንገድ ስፈልግ ዞሬ እዚያው ስመጣ አንድ ሠራተኛ እጁን አወዛወዘልኝ፤ ሥራ እንደበዛበት ሰው አጸፋውን መለስኩ። እንደገና ስመጣ ሠራተኞቹ ሁሉ የብስክሌት ውድድር እንደሚያይ ሰው በሩ ላይ ተደርድረዋል። አንዱማ አጨበጨበ።

«ልጄ» አሉ አማቴ ረጋ ብለው፣ «እኔ ዓይኔን ያመኛል እንጂ ዕውር አይደለሁም። ይሄ የልጄ ጋራዥ ነው። ቅድምም ነበረ።»

«መንገዱ ተዘግቶ እኮ ነው፣ እማዬ...»

«አቁም ብዬሃለሁ!»

አቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ሲያዙኝ ደስ አለኝ። በራሴ ብቆም ሽንፈት ነበር፤ አማት አዝዛ መቆም ግን አክብሮት ነው።

የሚስቴ ወንድም መጥቶ እናቱን ሳመ፤ ወደ እኔ ዞረና «ምነው ሰላምታህን በአንዴ ብትጨርሰው?» አለ።

«ወደ ግራ አልታጠፍ አለችኝ።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እናቱን በራሱ መኪና፣ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ወደ ክሊኒኩ ላከ። አማቴ ከመሄዳቸው በፊት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ስመለስ ተኮራርፋችሁ ካገኘኋችሁ ሁለታችሁንም አላውቃችሁም!» ብለው ተሰናበቱ። መንገድ ላይም ለሚስቴ ደውለው ኖሯል።

እሱ ከሥር ገባ። ነካካ፣ ሳበ፣ በስንዝሩ ለካ።

«ማሰሪያውን ከቦታው አርቀህ ነው ያሰርከው» አለ በመጨረሻ። «ወደ ግራ ስትጠመዝዝ ማረጋጊያው ርዝመቱ ያልቅበታል። መኪናህን በገዛ እጅህ ጠፍረሃታል፣ ወንድሜ። የዚህኛውስ ዳዶ የት አለ?»

እጄን ኪሴ ከትቼ ዳዶውን አወጣሁና የተዘረጋው መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እጁ ለረጅም ጊዜ እንደተዘረጋ ቀረ።

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ከሥር ወጣና ሠራተኞቹን «ሂዱ፣ ሳቃችሁን ምሳ ላይ ጨርሱት» ብሎ ሰደዳቸው። ያኔ ሚስቴ ደረሰች፤ ልብስ ከምትሰፋበት ቤት በቀጥታ ነው የመጣችው፣ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ። እኔንም እሱንም አየች። ማን አጠፋ ብላ አልጠየቀችም፤ ምን ላግዝ ነው ያለችው። ማረጋጊያውን ከፈታን በኋላ ወንድሟ መሪው ላይ አስቀመጣትና «ስልሽ ወዲያና ወዲህ አዙሪ» አላት። እኛ ጎን ለጎን ተንጋለን ከሥር ገባን።

እዚያ ሥር ሁለት ሰው ሲተኛ የሚኮራረፍበት ቦታ የለም። ትከሻችን ተጣብቋል።

«ያን ቀን ሰው ፊት መሳቄ ልክ አልነበረም» አለኝ በዝግታ። «እህቴ በየቀኑ በዚች መኪና ነው የምትሄደው። አየኋት፣ አየኋት፣ ችግሯን አጣሁት። አላውቅም ማለት ሲከብደኝ ቀለድኩብህ።»

«ዓይኔ ውስጥ አፈር ገባ» አልኩት። ግማሹ እውነት ነበር።

ከላይ የሚስቴ ድምፅ መጣ፦ «እናንተ! ይሄ መሪ መጀመሪያ ባዶውን ነው እንዴ የሚዞረው? መዳፍ ያህል ከሄደ በኋላ ነው ጎማው የሚሰማው።»

እሱ የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ።

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነች» አልኩ እኔ።

«ሁልጊዜ?» አንገቱን ወደኔ አዞረ፤ አፍንጫችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠባይዋ መስሎኝ ነዋ!»

«ቀስ ብለሽ አዙሪ» አላት። እሷ ስታዞር እጄን ይዞ የመሪው ዘንግ ከጎማው ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ላይ አስቀመጠልኝ፤ እነሱ ቴስቲና ይሉታል። እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይላወሳል። ላስቲኩ ተቀዶ፣ ቅባቱ አልቆ፣ ውስጡ ተበልቷል።

«ማረጋጊያህ ይሄን ነበር የሸፈነው» አለ። «የታመመ ጥርስ ይዞ ማስታገሻ መዋጥ ነው። አንድ ቀን ቢወልቅ ኖሮ...» አልጨረሰውም። «እኔም አምልጦኛል» አለ ከዚያ፣ ለጭቃው እየነገረ በሚመስል ድምፅ።

አዲስ ቴስቲና አስመጥቶ ቀየረው፤ ጎማዎቹን አስተካከለ። «በቃ፣ ያን ቀይ ጉድ እንወርውረው» ስለው «ምን በወጣው! ሥራውን የሚሠራው አሁን ነው» አለኝ። የቡሎን መፍቻውን እኔ እጅ ላይ አስቀመጠና ማሰሪያው የት እንደሚውል ብቻ በጣቱ አሳየኝ። እኔ ሳጠብቅ እሱ ከንፈሩን እየነከሰ ተመለከተ፤ እጁ ሊነጥቀኝ ሲነሣ በሌላው እጁ ይይዘው ነበር። አንድም ዳዶ አልተረፈም። ከዚያ ሚስቴ መሪውን እስከ ጥግ በግራ፣ እስከ ጥግ በቀኝ አዞረችው፤ ምንም ሳይነካ ደርሶ መለስ አለ።

አማቴ የዓይን ጠብታቸውን ይዘው ሲመለሱ ጋራዡ በር ላይ ስንከራከር አገኙን። ስለ መስታወቱ አጫጫን ነበር የምንከራከረው፤ ማለትም እሱ ስለ መስታወት አዋቂ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ነበር። ደህና ክርክር ስለሆነ አማቴ ምንም አላሉም። ፀጉር ቤቱም ከሰዓት በኋላ መስታወቱን ሳይሰነጠቅ ተረከበ።

ማታ ሚስቴ «መሪ መያዝ ደስ ይላል ለካ፤ መንዳት መማር እፈልጋለሁ» አለች። እኔ ላስተምርሽ አልኳት። ወንድሟም ሰምቶ በማግሥቱ ደወለ፤ እኔ ነኝ የማስተምራት አለ።

«አንዱ ሰው ፊት እየሳቀብኝ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ብቻ እያስታጠፈኝ?» ብላ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት ተመዘገበች።

ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። እኔ ስንት ጊዜ ወድቄ እንዳለፍኩ መናገር እዚህ አያስፈልግም። አሁን በእረፍት ቀን የምትነዳው እሷ ናት፤ መስታወት ከኋላ ቢጫንም እንኳ ቁልፉን አትሰጠኝም። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን እረግጣለሁ።

«እግርህን አሳርፈው» ትለኛለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

አሳርፈዋለሁ፤ እስከሚቀጥለው መታጠፊያ።