ሙሉ ሰልባትዮ ናፍጣ

የናፍጣ ጭስ በብርድ ጊዜ ሌላ ሽታ አለው። በሙቀት ወጥቶ ወዲያው ይበተናል፤ በብርድ ግን መሬት ለመሬት እየተሳበ መጥቶ በበር ስር ይገባና ልብስ ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሰሞን በረዶ ጥሎ ባደረበት ጠዋት፣ እዚህ አሜሪካ፣ አስፐን ሂል በልጄ ቤት መስኮት አጠገብ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ መንገድ የሚጠርገው ትልቁ መኪና መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ፣ ሾፌሩም ሞተሩን ሳያጠፋ ስልክ ማነጋገር ያዘ። ያ ሽታ እንደ ድሮው ገብቶ አፍንጫዬን ሲነካኝ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቀረሁ፣ ሻዩም በእጄ ላይ ቀዘቀዘ።

ልጄ ሰናይት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየሩን ሳብ አደረገችና «አባ፣ ይሄ እኮ የልጅነቴ ሽታ ነው» አለች። ሳቅ ብላ ነው ያለችው። የልጅነት ትዝታ የሚጻፈው በባለቤቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በእሷ ልጅነት ውስጥ እሷ የማታውቀው አንድ ነገር አለ፣ እሱን የማውቀው ደግሞ ዛሬ እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቀይ ጡብ የተሠራ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ዓለምነሽ፣ ልጃችን ሰናይትና ትራኩ። ትራኩን ከቤተሰብ መቁጠሬ አይግረማችሁ፣ ዓለምነሽ ራሷ «ሁለት ልጆች አሉን፣ አንዷ እግር አላት፣ አንዱ ጎማ አለው» ትል ነበር። ከኋላው ትልቅ ሳጥን ያለው፣ ነጭ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ የናፍጣ መኪና ነበር። ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ካለ መጋዘን ዕቃ እየጫንኩ ወደ ደቡብ እስከ ጆርጂያ እወርድና፣ ከዚያ አትክልት ጭኜ እመለስ ነበር። ዓለምነሽ ክሪስታል ሲቲ ውስጥ ቢሮ ታጸዳ ነበር።

በሙቀቱ ወራት ትራኩ ምንም አያስቸግርም ነበር፣ ቁልፉን ስታዞረው ይነሳል፣ አበቃ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓርኪንጉ ውስጥ በባልዲ ውሃ ሳጥበው ሰናይት ጫማዋን አውልቃ ጎማው ላይ ትወጣና መስታወቱን ትወለውላለች፣ ዓለምነሽም አንገቷን በመስኮት አውጥታ «ምነው ለእኔ ወጥ ቤት እንዲህ ብትተጉ» ትለን ነበር። ከበደ የሚባል አሌክሳንድሪያ የሚኖር ታክሲ ነጂ ጓደኛ ነበረኝ፤ ሊጠይቀን ሲመጣ ትራኩን ዞሮ ዞሮ ያይና «ጌታቸው፣ ይሄ ልጅ ክርስትና የሚነሳው መቼ ነው? አበልጅህ እኔ ነኝ» ብሎ ያበሽቀኝ ነበር።

ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ግን ሐሳቤ ይጀምራል። የናፍጣ ሞተርን ብርድ የሚይዘው እንደ ሰው ነው፣ አንዴ አጥንቱ ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይወጣለትም። ትራኩ ከሞተሩ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስለነበረው፣ አመሻሽ ላይ ረጅም ኤክስቴንሽን ገመድ ከወጥ ቤታችን መስኮት ወደ ታች አውርጄ እሰካው ነበር። በገመዱ ምክንያት መስኮቱ ገጥሞ ስለማይዘጋ ቀዳዳውን ዓለምነሽ በአሮጌ ፎጣ ትወትፈዋለች። «እኛ እየበረደን እሱ ይሙቀው፣ አይደል?» ትለኝ ነበር፤ ኮፈኑ ላይ የማለብሰውን ድርብ ብርድ ልብስ በእጇ ሰፍታ የሰጠችኝ ግን እሷው ነበረች።

ጠዋት ከተነሳ በኋላም ወዲያው አይሄድም፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ መሞቅ ነበረበት። ያቺ ግማሽ ሰዓት የእኔና የሰናይት ነበረች። ትምህርት ቤት የማደርሳት በትራኩ ነበርና ካቢናው ውስጥ አጠገቤ ኩርምት ብላ ትቀመጣለች፣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ስስ በረዶ ለብሶ ይጠብቀናል፣ እኔ በጥፍሬ ሀ ሁ ብዬ እጽፍላታለሁ፣ እሷም ከሥር ከሥር በትንሿ ጣቷ ትከተለኛለች። ሙቀቱ ሲደርስ ፊደሉ ከታች ጀምሮ ይቀልጥና ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ያን ጊዜ «ጨረስን አባ፣ ሌትስ ጎ» ትላለች። በሳምንት አንድ ቤት ፊደል እንገፋ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልማዴ ልናገር። አገር ቤት በአሰብ መንገድ ሾፌርነት ያስተማረኝ ሰውዬ «ሰልባትዮህ ጎዶሎ ሆኖ አይደር» ይለኝ ነበር፤ ሰልባትዮ የሚለው የነዳጁን መያዣ ነው። በኋላ ነዳጅ በኩፖን ሲሆን ማደያ ደጃፍ ሦስት ቀን ተሰልፌ ስላየሁ ምክሩ አጥንቴ ውስጥ ገባ። አሜሪካ መጥቼ በየማዕዘኑ ማደያ እያየሁ እንኳ ልማዱ አልለቀቀኝም፣ ካገኘሁበት ጢም አድርጌ ካልሞላሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። በዚያው ቅጠል መርገፊያ ላይ ከበደ ይህን አይቶ «ስማ፣ እዚህ አገር ናፍጣም የዊንተር ልብስ አለው። የደቡቡ ስስ ነው፣ ሞልተህ አምጥተህ እዚህ እንዳታስበርደው» አለኝ። ሳቅሁበት። «አንተ የቤንዚን ሰው፣ ስለ ናፍጣ ምን ታውቃለህ? ናፍጣ የትም ናፍጣ ነው» አልኩት። ለካስ እውነቱን ነበር። በብርዱ አገር የሚሸጠው ናፍጣ እንዳይረጋ ሆኖ የተዘጋጀ ነው፤ የሙቀቱ አገር ግን ያ አያስፈልገውም።

ብርዱ ሲጠና ዓለምነሽ ሥራ ቦታዋ ላይ ወደቀች። አምቡላንስ አሌክሳንድሪያ ሆስፒታል አስገባት፣ ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉን። የነበረችን ትንሽ የቤት መኪና ከዚያ በፊት ተበላሽታ ስለተጣለች፣ በየቀኑ ሰናይትን ከትምህርት ቤት አንስቼ በትራኩ ወንዙን ተሻግረን እንጠይቃት ነበር። ዓለምነሽ ገና ስንገባ ከእኛ በፊት «እሱስ እንዴት ነው? ይነሳላችኋል?» ትለን ነበር። ሻል ሲላት፣ ሰናይትን ከበደ ቤት ትቼ አንድ ጊዜ ብቻ ጆርጂያ ወርጄ መጣሁ። እዚያ ሰው በሸሚዝ ነበር የሚሄደው። ልመለስ ስል የትራኩን ሁለቱንም ሰልባትዮ እስከ አፋቸው ሞላሁ፣ መንገድ ላይ የጎደለችውንም ከዚያው በበርሜል ጭኜ ባመጣሁት ናፍጣ ሞልቼ፣ ሰናይትንም ከከበደ ቤት አንስቼ ገባሁ፤ ከእንግዲህ እስክትድን ከአጠገቧ አልርቅም፣ ይሄ ለሆስፒታል መመላለሻ ይበቃኛል ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የዚያኑ ሌሊት አይቼው የማላውቀው ብርድ ወረደ። ቀን ዘንቦ የነበረው ዝናብ መንገዱ ላይ እንደ መስታወት ረጋ፣ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ጠዋት ቁርስ ላይ እያለን ስልክ ጮኸና ሰናይት አነሳችው፣ ከእኔ ይልቅ እንግሊዝኛው ለእሷ ይቀላት ነበርና። አዳመጠች፣ «ኦኬ» አለች፣ ደግሞ «ኦኬ» አለች። ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ «አባ፣ ነርሷ ናት። ማሚ በጣም ባሰባት። አሁን ኑ አለች፣ ናው» አለችኝ።

ብርድ ልብሱን ገፍፌ፣ ገመዱን ነቅዬ ቁልፉን ሳዞረው ተነሳ። ተመስገን አልኩ። የዚያን ቀን ግማሽ ሰዓቱን አልጠበቅንም፣ መስታወቱን በክንዴ ጠርጌ ወጣሁ። ማሞቂያው የሚያሞቀው ሞተሩን ብቻ እንጂ ሰልባትዮውን እንዳልሆነ ያኔ ልብ አላልኩም። ዋናው መንገድ ላይ ጥቂት እንደሄድን ጉልበቱ ከዳው፣ ነዳጅ ብሰጠው አልቀበልም አለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አስሎ አንድ ማደያ አጠገብ ዝም አለ።

ወርጄ የናፍጣውን ማጣሪያ ፈታሁት። ውስጡ ነጭ ሆኖ እንደ በግ ሞራ ረግቷል። በእጄ ጠረግሁት፣ ብብቴ ስር ከትቼ አሞቅሁት፤ ሰናይት ከማደያው በወረቀት ኩባያ ፍል ውሃ እያመጣች ታቀብለኛለች፣ እኔ አፈስበታለሁ። ተነሳ፣ ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። እንደገና ሠራሁት፣ እንደገና ጠፋ። ጣቶቼ ብረቱ ላይ እየተጣበቁ ቆዳቸው ሲነሳ አይታወቀኝም ነበር። የማደያው ሽማግሌ ወጥቶ አየን፣ ከሰናይት ጋር ተነጋገረ።

«አባ፣ እኔ ጋ የዊንተሩ አለ፣ እሱን ጨምርበት ይላል።»

«ሙሉ ነው፣ ቦታ የለውም በይው።»

ነገረችው። ሰውየው ክዳኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰናይት የሰውየውን ፊት አይታ፣ ከዚያ የእኔን አይታ፣ ልታጽናናኝ ፈልጋ «ሙሉ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ አይደል አባ?» አለችኝ።

መድኃኒቱ ከአጠገባችን ባለው ማደያ ሞልቶ ነበር፣ የምጨምርበት ክፍተት ግን አልነበረኝም። ግማሹ እንኳ ጎዶሎ ቢሆን ኖሮ ቀላቅዬ እሄድ ነበር። ናፍጣውን ለማፍሰስ የሰልባትዮውን የስር ቡሎን ታገልኩት፣ ዝጎ አልፈታ አለ። በመጨረሻ ሰናይትን አስደውዬ ከበደን ጠራሁት፣ እሱም በዚያ መስታወት መንገድ ከአሌክሳንድሪያ እየተንሸራተተ እስኪደርስ ረፋዱ አለቀ። ሲደርስ የተከፈተውን ክዳን አየ፣ እጄ ላይ ያለውን ሞራ አየ፣ ያንን ሁሉ ቀልድ የሚያውቅ ሰው «ግቡ» ብቻ አለን። እስኪሞት ድረስም ነገሩን አላነሳብኝም፣ ነፍሱን ይማረው።

ስንደርስ ዓለምነሽ አልቆየችንም። ገና እጇ ሙቀት ነበረው። ነርሷ ሰናይት ፊት በርከክ ብላ አንድ ነገር ነገረቻት። «ምን አለች?» አልኳት። «ማሚ ብዙ አወራች፣ ግን ላንጉዌጇን የሚያውቅ ሰው አልነበረም አለች» አለችኝ። ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት እንደ ልማዷ «ይነሳላቸው ይሆን?» ብላ ይሆናል።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ጭኔ ላይ ተቀምጣ «አባ፣ ትራኩ ለምን እምቢ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከበደ በኋላ ማሳያ መስታወቱ አየኝ። «ብርዱ ነው» አልኳት።

ከሳምንታት በኋላ ፀሐይ ስትበረታ ትራኩ ያው ናፍጣ ውስጡ እያለ፣ ማንም ሳይነካው፣ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ያን ድምፅ ስሰማ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የፀደዩ አበቦች ሳይረግፉ ሸጥኩትና ከሄርንደን ወዲህ ባለው ኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ አውቶቡስ የመንዳት ሥራ ያዝኩ። ሰናይት ሳትነቃ እወጣለሁ፣ ጎረቤት ናት ትምህርት ቤት የምታደርሳት፣ ስመለስ ተኝታለች። ፊደላችን ቀ ላይ ቆሞ ቀረ። ሙቀቱ መጥቶ ትምህርት ሲዘጋ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ መመለስ ጀምራ ነበር፣ እኔም አላረምኳትም፣ በምን ፊቴ።

ዛሬ ሰናይት የራሷ ልጆች አሏት። መኪናዋ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፤ ቡና እየጠጣች በስልኳ ታዝዘዋለች፣ ወጥታ ስትገባ ወንበሩ ሞቆ፣ መስታወቱ ጠርቶ ይጠብቃታል፣ ሲነሳም ሲቆምም ድምፅ የለው። ያን ጊዜ አንድ ሞተር እስኪሞቅ ሁለት ሰው አብሮ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ የሚጠበቅ ነገር የለም፣ ልጆቹም ዘለው ይገቡና በሩ ይዘጋል። ስለ አያታቸው ሲጠይቋት በእንግሊዝኛ ትነግራቸዋለች፣ እኔም ሳሎን ሆኜ እሰማታለሁ፤ ብርዱ እንደነበረ፣ አያታቸው እጁ እስኪላጥ እንደታገለ፣ በዓለም ላይ ከእሱ በላይ የሚሞክር ሰው እንደሌለ።

ትናንት ይህን ስጽፍ መጥታ ከኋላዬ ቆመች። «ምንድነው የምትጽፈው አባ?» አለችኝ። ስለ ትራኩ ነው አልኳት። ደስ ብሏት ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ገጹን አየችና ጣቷን መጀመሪያ ባወቀቻት ፊደል ላይ አሳርፋ ሳቀች፣ ከዚያ «ሪድ አድርግልኝ» አለችኝ። አነበብኩላት። እናቷ በመስኮት የተናገረችውን፣ የከበደን አበልጅነት፣ በመስታወቱ ላይ የምንጽፈውን አነበብኩላት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ እየሳቀች ሰማችኝ። ሰልባትዮው ዘንድ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ቀሪውስ?» አለች።

«ቀሪው ስለ ብርዱ ነው» አልኳትና ደብተሩን ዘጋሁት።