ለአያቴ ያላደረስኩት ቃል

ልጅ እያለሁ የአባቴና የእናቱ አስተርጓሚ እኔ ነበርኩ። አያቴ ከቤንችኛ ሌላ አታውቅም። አባቴን ደግሞ በሰባት ዓመቱ የገባበት አዳሪ ትምህርት ቤት ቋንቋውን አስጥሎታል። እዚያ ባገሩ ቋንቋ ሲናገር የተያዘ ልጅ አንገቱ ላይ አጥንት ታስሮበት ይውል ነበር። እኔ ግን ክረምቱን አያቴ ዘንድ እየከረምኩ ለምጄዋለሁ። ቅዳሜ ኮረሪማዋን ይዛ ለገበያ ወደምንኖርበት ሚዛን ከተማ ስትመጣ ቤታችን ይታወዳል፤ እናትና ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያዩት ግን እኔን ነበር። «ደህና ነሽ ወይ በያት» ይለኛል፤ «በልተሃል ወይ በይው» ትለኛለች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን በቋንቋችን ማስተማር ጀምሮ ነበር። ዳይሬክተሩ በዚያ የአጥንት ቅጣት ያለፉ ወላጆችን ጠርቶ ጋቢ ሊያለብሳቸው፣ ታሪካቸውንም ሊያስነግራቸው አሰበ። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣ። እናቱንም ከገጠር አስመጣት።

በዕለቱ ጋቢው ሲደረብለት ወደ ተማሪው አልዞረም፤ ወደ እሷ ዞረ።

«እማዬ፣ ለእረፍት ስመጣ ስትጠሪኝ ዝም ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። ፈርቼ ነው። በኋላ ቃሉ ራሱ ጠፋብኝ። ይቅር በይኝ» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ጓደኞቼ ይስቁ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዳይሬክተሩ «በይ ንገሪያት» ሲለኝ ቶሎ ለመቀመጥ ብዬ ማንም ሳይሰማኝ በጆሮዋ «ስለመጣሽ አመሰግናለሁ ይልሻል» አልኳት።

አያቴ እንባውን አየችና «ለዚህ ነው የሚያለቅሰው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ግን የዕድሜያቸውን ነገር በእኔ ላይ ጥለውት ነበር። በዚያው ክረምት አያቴ ሞተች። አባቴ ከቀብር ሲመለስ ግንባሬን ስሞ «እንኳን ነገርሽልኝ ልጄ፤ ሰምታኝ ሄደች» አለኝ። ከዚያ በኋላ እውነቱ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ!

ዛሬ እኔው የቤንችኛ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ እነዚያን አረጋውያን ይጠራል። የዛሬ ልጆች፣ እግዜር ይባርካቸውና፣ ሽማግሌ ሲያለቅስ አይስቁም፤ ተነስተው ይቆማሉ። እኔ ከኋላ ቆሜ አባቴ ያለውን አንድ ቃል ሳላጎድል በቤንችኛ ለራሴ እለዋለሁ። የምነግራት የለችም። አባቴም አምና ሞተ፤ እስከ መጨረሻው ሲያመሰግነኝ ኖሮ።