የወተት ጣሳዋ እናት

ይህ የደረሰብኝ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነን ጋምቤላ በሰፈርን በሁለተኛው ክረምት ነው። የዚያን ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይችን ቀን ግን አልረሳም። ከደብተሬ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት ጽሑፍ የዚያን ቀን የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። እርዳታ ጣቢያው ሳለን መዝጋቢው መጥቶ "ስንት ነፍስ ናችሁ?" አለኝ። ሚስቴ ወርቄና ሁለቱ ሴት ልጆቼ ውሃ ሊቀዱ ወንዝ ወርደው ነበር። ብቸኛ ሰው ቶሎ ይጫናል፣ ቤተሰብ ያለው ይቆያል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀድሜ ሄጄ መሬት ይዤ አስመጣቸዋለሁ ብዬ "አንድ" አልኩ። ጫኑኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ብዙ ሰው በግድ ተጭኗል፤ እኔን ግን ያስገደደኝ የለም። መንግሥትን ስረግም የሚሰሙኝ ሰዎች ይህን አያውቁም።

የሰፈርነው ከአቦቦ አለፍ ብሎ ነው። አንድ ቀን ለኅብረት እርሻው ጫካ ስንመነጥር ዶማዬ አንድ ጉድጓድ ደረመሰ። ውስጡ በረሮ አለች። የቤት በረሮ አይደለችም፤ ክንፍ የላትም፣ ከአውራ ጣቴ ትወፍራለች፣ ጀርባዋ እንደ ቀንድ ዋንጫ ያብረቀርቃል። ልጆቿ ከሥሯ ተኮልኩለዋል። ልጨፈልቃት ዶማዬን አነሳሁ። አልሸሸችም። እዚያው ልጆቿ ላይ እንደተኛች ቀረች። ዶማዬን መልሼ አወረድኩ።

ከነልጆቿ በእርዳታ ወተት ጣሳ አደረግኳት። እርጥብ አፈር ሞላሁላት። ደረቅ ቅጠል ስጥልላት እየጎተተች ወደ ጉድጓዷ ታስገባለች፤ ልጆቿ ይበላሉ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ፣ ከመሠረተ ትምህርት ስመለስ፣ ሳላያት አላልፍም። ጎረቤቴ ሙሄ ይህን ደረሰበትና መንደሩን አዳረሰው።

"ይመር፣ ክርስትናው መቼ ነው? ድግሱ እንዳያመልጠኝ!" ይለኛል።

"ሂድ ወዲያ፣ ሥራ ፈት!" እለዋለሁ። ግን አፈርኩ። ጣሳዋን አልጋ ሥር ደበቅኳት።

ክረምቱ ሲጋመስ የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጡ። ዕቃው፣ እህሉ፣ ዶሮው ሁሉ ይወጣና ግድግዳው ዲዲቲ ይረጫል። እኔ ቤት የመጣው ኦሞድ የሚባል አኝዋክ፣ ያገሩ ሰው ነበር። ርጭቱ የሚመዘገብበትን የቤት ካርድ ይዞ ጠየቀኝ።

"አባባ፣ እዚህ ቤት ስንት ነፍስ አለ?"

ሙሄ ደጁ ላይ ቆሞ ያየኛል። "አንድ" አልኩ።

"ውስጥ የቀረ ነገር የለም?"

"የለም።"

ፓምፑን ሞልቶ ገባ። እስስስ ሲል ሰማሁ። ያ መዝጋቢ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ያኔ መጮህ የነበረብኝን አሁን ጮህኩት።

"ቁም! ነፍስ አለ! ውስጥ ነፍስ አለ!"

ሰው ሁሉ ሕፃን የቀረ መስሎት ግር ብሎ መጣ። ጣሳዋን ታቅፌ ስወጣ ሙሄ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ወይ የበረሮ አባት!"

ኦሞድ አልሳቀም። አፉን የሸፈነበትን ጨርቅ አውርዶ ወደ ጣሳዋ ጎንበስ አለ።

"ይሄ እናት ነው?"

"እናት ናት።"

"ልጅ ስንት?"

"ዘጠኝ።"

"አባባ፣ እዚህ ቤት አትመልስ። መድኃኒቱ ግድግዳ ላይ ብዙ ወር ይቆያል፣ ይሞታሉ። ጫካ ውሰድ።"

ካርዱ ላይ ጻፈ፣ ምሰሶው ላይ ሰካው፣ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

"ምን ብሎ ነው የጻፈው?" አለኝ ሙሄ። እሱ ገና ከፊደል ጋር እየታገለ ነበር። እኔም ብሆን አንድ በአንድ እየለቀምኩ ነው ያነበብኩለት። "ሰው፣ አንድ። እናት፣ አንድ። ልጆች፣ ዘጠኝ።"

ሙሄ ሳቁን አቆመ። ካርዱን እያየ፣ "አንተስ፣ ልጅ ነበረህ?" አለኝ። ይህን ያህል ጊዜ ጎን ለጎን ስንኖር ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ተናግሬ አላውቅም።

"ሁለት" አልኩት። እናታቸውንም ነገርኩት። "አንድ" ማለቴንም ነገርኩት።

ሙሄ ዶማውን አንስቶ ቀደመኝ። ጫካው ዳር፣ ትልቅ ዛፍ ሥር ለስላሳ አፈር ቆፈረልኝና ጣሳዋን ቀስ ብዬ አዘነበልኩ። እናትየው ወዲያው መቆፈር ጀመረች። ልጆቿ ተከተሏት።

መጻፍ ስችል ለእርዳታ ጣቢያውም ላገሬም ደብዳቤ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ራሴን ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ነው። ካርዱ ግን ዛሬም ሣጥኔ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚመዘግብ ሰው በመጣ ቁጥር "አራት ነን" እላለሁ። ሦስቱ የት አሉ ሲሉኝ፣ ውሃ ሊቀዱ ወርደዋል እላለሁ።