ጋሽ ነገና ነጩ ልብስ

ጋሽ ነገ የልጁን የመጠመቂያ ልብስ በመቀስ ዘነጣጥሎ የካውያ መጥረጊያ አደረገው ተብሎ ተወራ። ወሬው ጸሎት ቤቱ ሲደርስ መቀሱ ቢላዋ ሆኗል፤ ከዚያ ዞሮ ገበያ ሲገባ ደግሞ ቢላዋው ልጁ ጉሮሮ ላይ ነበር። ወሬ መንገድ ላይ ስንቅ አያጣም።

መቀሱስ እውነት ነው። የቀረው ግን እንዲህ ነው።

ሰውዬው ልብስ ሰፊ ነው። «ነገ» የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሱሪው መቼ እንደሚደርስ ሲጠየቅ፣ ጨርቁ ገና እንደተጠቀለለ መደርደሪያው ላይ ተጋድሞ ሳለ፣ «ቁልፍ መትከል ብቻ ነው የቀረው፤ ነገ ብቅ በል» ይላል። ደንበኛው ውሸት መሆኑን ያውቃል፤ እሱም ደንበኛው እንደሚያውቅ ያውቃል። ተሳስቀው ይለያያሉ። አንዱ ለሰርጉ ያዘዘው ሱፍ ለበኩር ልጁ ልደት ደረሰለት ይባላል፤ ይቺን ግን ያጣራ የለም።

ልጁ ያደገው ከአባቱ ጎን ባለችው ሁለተኛዋ የስፌት መኪና ላይ ነው። እናቱ ከሞተች ወዲህ አባትና ልጅ ከአንድ ጣቃ እየቆረጡ፣ በአንድ ካውያ እየተኮሱ፣ እኩል ይዋሹ ነበር። እንዲያውም ልጁ ይብስ ነበር፤ አባቱ «ነገ» ሲል እሱ «ጠዋቱን» ብሎ ይጨምርበታል።

ከዚያ ልጁ ጌታን ተቀበለ። በማግስቱ አንዲት ሴት ቀሚሷን ልትጠይቅ ገባች።

«ደረሰልኝ?»

አባትየው አፉን ሲከፍት ልጁ ቀደመው። «አልተጀመረም፣ እህቴ። ባለፈውም ዋሽተንሻል። ይቅር በይን።»

ሴትዮዋ የጠየቀችው ቀሚስ እንጂ እውነት አልነበረም፤ ጨርቋን አንጠልጥላ ወጣች።

«አንተ፣ ምን ነካህ?» አለ ጋሽ ነገ።

«እውነት ነው የነካኝ፣ አባዬ። አንተንም ቢነካህ ደስ ይለኛል።»

«አንተን እንደፈለገ ይንካህ፤ ደንበኞቼን ግን ለቀቅ!»

ጋሽ ነገን ያንገበገበው ሃይማኖቱ አልነበረም። ለእሱ የሰው እምነት እንደ ሰው ኪስ ነው፤ እጅ አይገባበትም። የቆጠቆጠው ልጁ በእሱ ማፈሩ ነው። ደግሞ ልጁ ቁርጡን ነግሮታል፦ «ከተጠመቅኩ በኋላ፣ ይሄ ቤት ውሸት ካልተወ፣ እዚህ መኪና ላይ አልቀመጥም።» አባትየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

ለጥምቀቱ ጸሎት ቤቱ ያዋሰውን ነጭ ልብስ ልጁ ሊተኩሰው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ። ጋሽ ነገ ዘርግቶ አየው። ልጁ ሸምበቆ ነው፤ ልብሱ ጉልበቱ ላይ ሊቀር ነው። ጨርቁም ስስ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የልጁ ገላ ሊጋለጥ ነው። መቀሱን አነሳ። የታችኛውን ቅምቅማት ተረተረ፣ ከራሱ ጣቃ ነጭ ጨርቅ ቆርጦ ቀጠለበት፣ መጋረጃ እንዳይውለበለብ ጠርዙ ውስጥ የሚሰፉትን ትንንሽ ብረቶች ዙሪያውን ከተተበት። ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤቱ፣ ሰፈሩ «ራዲዮ» የሚላት፣ በመስኮት ብቅ ያለችው ያኔ ነው። መቀስ አየች፤ ነጭ ልብስ አየች፤ መርፌውን ለማየት አልቆየችም።

ለልጁ አልነገረውም። የእጄን ስፌት ያውቃል፣ ሲለብሰው ያውቀዋል፣ ካወቀው ደግሞ አይሄድብኝም ብሎ ነው።

የጥምቀቱ ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ራዲዮም ጠብ እንዳያመልጣት ከጎኑ ነበረች። ልጁ ነጩን ልብስ ለብሶ ሊመሰክር ቆመ።

«ያደግኩት ውሸት ቤት ውስጥ ነው» አለ። «አፌን የፈታሁት ‹ነገ› እያልኩ ነው። ከቤታችን አንድ ልብስ በቀኑ ደርሶ ሲወጣ አይቼ አላውቅም!»

ጉባኤው ሳቀ፤ ግማሹ ደንበኛ ነበርና። ቀጥሎ «አሜን!» አለ። ጋሽ ነገም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

ልጁ ገንዳው ውስጥ ገባ። ከእሱ በፊት የገቡት ልብሳቸው እየተንሳፈፈ ሲያስቸግራቸው ነበር፤ የእሱ ግን ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ረግቶ ቆመ። ሰጥሞ ሲወጣ መጋቢው እጁን ዘረጋ፤ «አያችሁ? ጌታ የራሱን እንዲህ ይሸፍናል!» ጭብጨባው ቤቱን ናጠው። የአባት ልፋት ውሃ በላው።

በር ላይ ልጁ የመጣውን ሁሉ እየጨበጠ ያሰናብት ነበር። የአባቱ ተራ ሲደርስ እርጥብ እጁን ሰጠው። «ስለመጡ እናመሰግናለን፤ እግዚአብሔር ይባርክዎ» አለው፤ ከፊቱ ያለውን እንዳለው፣ ከኋላው ያለውንም እንዳለው። «አባዬ» የምትለዋ ገንዳው ውስጥ ቀርታ እንደሆነ እንጃ።

በማግስቱ መጥቶ የራሱን መቀስና ሜትር ይዞ ሄደ። ጋሽ ነገ ሁለተኛዋን መኪና ጨርቅ አለበሳት።

ራዲዮ ከአንድ ደንበኛ ጋር ገባች። «ጋሼ፣ ልብሱን ዘነጠሉት ብዬ አምቼዎት ነበር፤ ለካ ምንም አልሆነ!»

«ልጅህ ግን እውነቱን ነው የመሰከረው» አለ ደንበኛው እየሳቀ። «እስቲ የኔ ሱሪ መቼ ነው?»

ጋሽ ነገ መርፌውን አስቀምጦ የተሸፈነችውን መኪና አየ።

«ያችን ነጯን ግን» አለ፣ «በቀኗ አድርሻት ነበር።»