ከጠበሉ ጀርባ የደበቅኩት

ከጧቱ አንድ ሰዓት ነበር። ሰባተኛ ሰፈር፣ ቤታችን። ልጄ ማርታ ሆዷን ይዛ ከአልጋ ተነሣች፤ ከቅዱስ ሥዕሉ ሥር ከተቀመጡት ሁለት የውሃ ፕላስቲኮች አንዱን ብድግ አድርጋ አማተበች። እኔ በር ላይ ልብስ አሰጣለሁ። ዞር ስል ፕላስቲኩ አፏ ላይ ነው። ያነሣችው የኋለኛውን! አረቄዬን የምደብቀው ከጠበሉ ጀርባ ነበር፤ መልኩም አንድ፣ ዕቃውም አንድ። ዘልዬ ከእጇ መታሁት። አንድ ጉንጭ ግን ውጣለች። አሳላት፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«እማ፣ ጠበል እኮ ነው!» አለችኝ። ከዚያ ሽታው ገባት።

እናንተ ልጆች፣ እኔ ጦር ሜዳ ነበርኩ። የሻምበላችንን ሬዲዮ ያሸከሙኝ ድምፄ ትልቅ ስለሆነ ነው እንጂ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። መድፍ ሲወድቅብን አይቻለሁ። እንደዚያ ጠዋት ግን ፈርቼ አላውቅም።

አረቄውንም የለመድኩት ግንባር ነው። ድንጋያማ ኮረብታ ሥር አምስት ሴቶች አንድ ምሽግ እንጋራ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከጥቃት በፊት በኮዳ ክዳን እንቃመሳለን። «ለድፍረት ነው» ትለናለች ዘነበች። ጎህ ሲቀድ ወጣን። ረፋድ ላይ ኮረብታውን ያዝን። ዘነበችና ጓዳችን ፀሐይ እዚያው ቀሩ። ሦስታችን ልማዱን ይዘን ተመለስን።

ማርታ አረቄውን የጠጣች ጠዋት ማልኩ። «ኮረብታ የወጣሁ ሴት ለመለኪያ አልሸነፍም!» አልኩ። ዱባይ ተራ ገበያ ደጃፍ ሸራ ዘርግቼ ካልሲ እሸጣለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሴን ያገኘሁት እትዬ ብርቄ አረቄ ቤት ነው። ሁለተኛው መለኪያ እጄ ላይ። መሐላዬ አንድ ቀን እንኳ አልሞላም።

በማግስቱ በጧት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ቆርጬ ነበር። ወታደር ነኝ እኮ!»

«ወታደር ብቻውን ምሽግ ይይዛል?»

«አይይዝም።»

«ጠላት ሲበዛባችሁ ምን ታደርጉ ነበር?»

«በሬዲዮ ድረሱልን እላለሁ።»

ሳቁ። «ታዲያ አሁን ማን ከለከለሽ? አልቻልኩም በዪው። ክርስቶስ አልቻልኩም ያለውን ሰው አይንቅም።»

ቀኖናዬን ሰጡኝ፤ በመስቀላቸው ባረኩኝ።

ያን ዕለት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ሸራዬን ጠቅልዬ፣ አረቄ ቤቱን ላለማየት በሶማሌ ተራ በኩል ዞርኩ። የጭነት መኪና ዕቃ እያራገፈ መንገዱን ዘግቶታል። የቀረው መተላለፊያ በእትዬ ብርቄ በር ነው። አንገቴን ደፍቼ ገባሁበት።

«ኮማንዶ! ምነው፣ በሬን ረሳሽው?» አለችኝ እትዬ ብርቄ።

«ቸኩያለሁ፣ እትዬ።»

«አንዷን ቅመሺና ሩጪ! የትናንቱ ወንበርሽ እንኳ አልቀዘቀዘም!»

ውስጥ ያሉት ሳቁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እግሬ ወደ ውስጥ ዞረ። አንዱ ደፉን ረግጧል። ያኔ ጮኽኩ፤ በቃ፣ ሬዲዮ ላይ እንደምጮኸው!

«ጌታዬ ኢየሱስ ክርስቶስ፣ አልቻልኩም! ድረስልኝ!»

ተሸካሚዎች ዞር አሉ። እትዬ ብርቄ ጠርሙሱን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አረቄው አላስጠላኝም፤ እንዳማረኝ ነው። እግሬ ግን ተላቀቀ። ሮጥኩ! «እግዚኦ! እግዚኦ!» እያልኩ በጆንያው መሃል፣ በጋሪው ጎን ሮጥኩ!

«አበደች!» አለ አንዱ።

«እትዬ፣ ካልሲዎ እየወደቀ ነው!» ይላል ሌላው።

ይውደቅ! አላቆምኩም።

ቤት ስደርስ ማርታ በሩን ከፈተች። ምንም ሳትል ተጠግታ አፌን አሸተተች።

«እማ፣ ምንም አትሸቺም» አለችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

ከዚያ ወዲህ ጌታን በየቀኑ እጠራዋለሁ። አንዳንድ ቀን ሦስቴም አራቴም።

አምስት ነበርን። ሁለቱን ኮረብታው ወሰዳቸው። ከእኔ ጋር በሕይወት የተመለሱትን ሁለቱን አረቄው ቀበራቸው፤ ሁለቱም ከእኔ ይልቅ ደፋሮች ነበሩ። ስለዚህ በጉብዝናዬ ተረፍኩ አልላችሁም። ዛሬ ከሥዕሉ ሥር ያለው አንድ ፕላስቲክ ብቻ ነው፤ ማርታ ሳትፈራ ትጠጣበታለች። ቤቴ በሰላም ገብቻለሁ። እኔም ልጄም ደህና ነን።